የፊልሙ ተርጓሚ እኔ ነበርኩ

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። ለደንበኛ ነው እንጂ ለእኛ አይደለም። ፀጉር አስተካካዩ መጋረጃውን ይጋርዳል፣ ኤሌክትሪሻኑ የመሣሪያ ቦርሳውን በሩ ሥር ይጥላል፣ የፊዚክስ መምህሩ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ታቅፎ ይመጣል፣ እኔም ከአውቶቡስ ጣቢያው ተረኛ እንደቀየረኝ እየሮጥኩ እደርሳለሁ። ከዚያ ስለ ፊልም እንጨቃጨቃለን። ሃያ ሁለት ዓመት ሞላን። ሚስቴ "አሁንም አላለቀም?" ትለኛለች። መምህሩ በሕይወት እያለ እንዴት ይለቅ?

ሕግ አለን። የሚናገር ሰው የሚሽከረከረው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ ይታሰርለታል። ሕጉ የወጣው በኤሌክትሪሻኑ ምክንያት ነው። አንድ ጊዜ የመኪና ግጭት በእጁ አሳያለሁ ብሎ አራት ጠርሙስ ሽቶ ከመደርደሪያው ጠርጎ አወረደ። ከዚያ ወዲህ እጅ ከጨርቁ ሥር ይሆናል፤ የሚሠራው አፍ ብቻ ነው።

መምህሩ ዓለም ሁሉ ያየውን ፊልም ነው የሚወደው። "ስንት ሚሊዮን ሰው የወደደውን የምትንቁት እናንተ ምን ቤት ናችሁ?" ይለናል። እኔና ኤሌክትሪሻኑ ደግሞ ማንም ያላየውን፣ መሀሉ የተቆረጠውን፣ ድምፁ የሚንኮሻኮሸውን እንወዳለን። ፀጉር አስተካካዩ መጨረሻ ላይ ከተናገረው ጋር ይስማማል፤ ደንበኛ አያያዝ ለምዶበት ነው። አራታችንም እኩል የምንወደው አንድ ፊልም ብቻ ነው፤ እሱም የጭነት መኪናው ፊልም።

እሱን ፊልም የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ጣቢያ ውስጥ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሳ በድምፅ ማጉያ እጠራለሁ። ያኔ ግን የቪዲዮ ቤቱ ተርጓሚ ነበርኩ። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ማይክ ይዤ እቆምና ሽማግሌውንም፣ ሙሽሪትንም፣ ወንበዴውንም ሆኜ እናገራለሁ። ማይክ የሚለው ስሜ ከዚያ የመጣ ነው። ከሁሉም ቋንቋ እተረጉም ነበር። የማውቀው ግን አንድ ነበር፤ እሱም የራሴን። ሰው ሲጠይቀኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ "አጎቴ መርከበኛ ነበር፣ እሱ ነው ያስተማረኝ" እላለሁ። መርከብ ያየ አጎት የለኝም። ባሕር ያየ ዘመድም የለኝም።

ፊልሙ የሁለት ወንድማማቾች ነው። አንድ አሮጌ የጭነት መኪና በጋራ ይነዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ታናሽየው ጥሎ ይሄዳል። ከብዙ ዓመት በኋላ ልብሱ ተበጣጥሶ፣ ፀጉሩ አድጎ ይመለሳል። ታላቅየው በሩን አይከፍትም። በመስኮቱ በኩል አንድ ሁለት ቃል ይለዋል። ታናሽየው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ በዚያው ያልቃል። እኔ በማይክ ያልኩት ይህን ነበር፦ "ምን ይገትርሃል? በሩ መች ተቆለፈና።" አዳራሹ በሙሉ ተነፋረቀ።

ታዲያ በሩ ካልተቆለፈ ለምን አይገባም? ሃያ ሁለት ዓመት የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው። መምህሩ "ጸሐፊው ደካማ ነው፣ አለቀ" ይላል። ፀጉር አስተካካዩ "እንደዚያ ባደገ ፀጉር ሰው ቤት መግባት አፍሮ ነው" ይላል። ኤሌክትሪሻኑ ደግሞ "ቁም ነገሩ መግባቱ አይደለም፤ ና መባሉ ነው" ይልና ድምፁ ይሰባበራል። እኔም አፌን ሞልቼ እከራከር ነበር። ጭራሽ አንድ ሰኞ "ዳይሬክተሩ እዚህ ጋ ሊል የፈለገው" ብዬ አርባ ደቂቃ አስረድቻለሁ።

ኤሌክትሪሻኑ ለምን ድምፁ እንደሚሰበር ሁላችንም እናውቃለን። በልጅነቱ ከአባቱ ተጣልቶ ከቤት ወጥቶ ነበር። ወራት ሙሉ ሰው ጋራዥ ውስጥ አደረ። ያን ፊልም አይቶ ከአዳራሹ እንደወጣ በቀጥታ ወደ አባቱ ቤት ሄደ። አባቱ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ነው የኖሩት። "እነዚያን ሦስት ዓመታት የሰጠኝ ያ ፊልም ነው" ይላል። ይህን ሲል እኔ ወደ መስታወቱ አላይም ነበር፤ ፊቴ ይታየኛላ።

ባለፈው ሰኞ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ጨርቁ ታስሮለት፣ አዲስ ነገር አመጣ። ልጁ ከቤት ከወጣች ስምንት ወር ሆኗታል። ዩኒቨርሲቲውን አቋርጬ ልብስ ስፌት እገባለሁ ስትለው ደሙ ፈልቶ "ከወጣሽ እንዳትመለሺ" አላት። ወጣች። ከዚያ ወዲህ ስልክ ይደዋወላሉ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ መብራት መጥፋት ያወራሉ። "ነይ" የምትለዋን ግን ሊላት አልቻለም። ምላሱ ይተሳሰራል። ታዲያ ፊልሙን የመምህሩ የድሮ ተማሪ ከኢንተርኔት አግኝቶ በፍላሽ ሰጥቶታል። አንድ ማንነቱ የማይታወቅ ደግ ሰው ተቀምጦ ንግግሩን ከታች በእኛው ቋንቋ ጽፎበታል።

"የሚመጣው ሰኞ እዚሁ እጠራታለሁ" አለ። "አብረን እናያለን። እኔ ማለት ያቃተኝን ፊልሙ ይልልኛል።"

"እስቲ ፍላሹን ስጠኝ" አልኩት፣ "ቀድሜ ልሞክረው፤ እንዳያሳፍረን።" ሰጠኝ። አመስግኖ ነው የሰጠኝ፤ እሱ ነው ያቃጠለኝ።

ሁለት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ምናልባት እውነቱን ገምቼ ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ሥራ ላይ የአራተኛውን በር አውቶቡስ በሁለተኛው ጠርቼ መንገደኛው እርስ በርሱ ተላተመ፤ አለቃዬ ጠርቶ ወረደብኝ። ረቡዕ በእረፍት ክፍላችን በተረኛው ኮምፒውተር ከፈትኩት። መጨረሻው ደረሰ። ታላቅየው በመስኮቱ ብቅ አለ። ከታች ያለው ጽሑፍ "ቤቱን ሸጬዋለሁ። እዚህ የቀረህ ነገር የለም። ሂድ።" ይላል። ወደ ኋላ መልሼ አየሁት። አምስት ጊዜ አየሁት። አይለወጥም።

ከዚያ በኋላ ያለፈውን አምስት ቀን አታንሱብኝ። እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። ፍላሹን ውሃ ውስጥ ልጨምረው አሰብኩ። ጽሑፉን አጥፍቼ ማይኬን ይዤ እንደ ድሮው ልተርጉምላት አሰብኩ። ልጅቷ ግን የዘመኑ ልጅ ናት፤ ስልኳን አውጥታ በሁለት ደቂቃ ጉዴን ታፈላዋለች። ዝም ብል ደግሞ ያ ምስኪን አባት ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ፣ ነይ ይልልኛል ብሎ ሲጠብቅ፣ ሂድ ሊባልበት ነው። ሚስቴ "ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትቁነጠነጠው?" ስትለኝ ጮህኩባት። ጥፋቱ የሷ ይመስል።

ሰኞ ከሁሉም ቀድሜ ደረስኩ። ፀጉር አስተካካዩ ቴሌቪዥኑን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ወለሉን ሁለት ጊዜ ወልውሏል። ኤሌክትሪሻኑ ካውያ የነካው ሸሚዝ ለብሶ መጣ። እሱ ሸሚዝ ሲተኩስ በሕይወቴ አላየሁም። "ዘጠኝ ሰዓት ትደርሳለች" አለ። ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። መምህሩም ገባ።

ሄጄ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። "እሰርልኝ" አልኩት ፀጉር አስተካካዩን።

"ዛሬ ምን ክርክር አለ?" አለ መምህሩ።

"እሰርልኝ አልኩ እኮ።"

አሰረልኝ። በመስታወቱ ውስጥ ሦስቱም ከኋላዬ ቆመው ይታዩኛል። እጆቼ ከጨርቁ ሥር እርስ በርስ ይፋተጋሉ። ነገርኳቸው። ቋንቋውን አላውቀውም አልኩ። አጎት የለኝም አልኩ። ከታች የተጻፈውን ቃል በቃል አልኩላቸው።

መጀመሪያ የተናገረው መምህሩ ነው። "ለዚህ ነው ያልገባው" አለ። ፊቱ በራ። "ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ጎድሏል ስላችሁ ነበር። ጸሐፊው ደካማ አልነበረም።" ከዚያ የኤሌክትሪሻኑን ፊት አየ። ወረቀቶቹን እንደገና ታቀፋቸው።

ኤሌክትሪሻኑ ወደ ወንበሩ ጠጋ አለ። "እንግዲያው ያን ቀን ወደ ቤትህ ሂድ ያለኝ ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አንተ ያኔ ምን ታውቃለህ? አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር።"

"ምንም።"

"እና ለምን እንደዚያ አልክ?"

የተዘጋጀሁበት መልስ ነበረኝ። አዳራሹ ሞቆ ነበር፣ ቸኩዬ ነበር ልል ነበር። አልወጣ አለኝ። "ፊቱ ሂድ እንደሚል ገብቶኝ ነበር" አልኩት። "ቋንቋ አያስፈልገውም። እኔን የገዛ ታላቅ ወንድሜ ሂድ ብሎኝ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ያቺን ቃል በማይክ መድገም አቃተኝ። ያምር ነበር ብዬ አይደለም፤ አፌ እምቢ አለኝ።"

ጨርቁን ራሴ ፈታሁና ተነሳሁ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን በተነሳሁበት ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ፀጉር አስተካካዩ ምን እንደሚያደርግ ሲጠፋው ልማድ ሆኖበት ጨርቁን አንሥቶ አንገቱ ላይ አሰረለት።

በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው። ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም ነበር።

ልጅቷ ገባች። የስፌት ሜትሯ አንገቷ ላይ ነው፤ ከሥራ እንደተነሳች መጥታለች። "እንደምን ዋላችሁ" አለችን ሁላችንንም። ወደ አባቷ ዞረች። "አባዬ፣ ፀጉርህን ልትቆረጥ ነው እንዴ? ፊልም አለ ብለኸኝ። እስከ አሥር ሰዓት ነው ያስፈቀድኩት።"

"ፊልም የለም" አለ።

"እንዴት የለም? ሳምንት ሙሉ ስትደውል የነበረው ለሱ አይደል?"

"ተበላሸ።"

ቴሌቪዥኑን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ዓይኔን ጣልኩ። ኤሌክትሪሻኑ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኔን ፈልጎ ያዘው። እጁ ከጨርቁ ሥር ይንቀሳቀሳል፣ መውጫ ያጣል። "ማይክ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "ንገርልኝ። አንተ ትችልበታለህ።"

እውነቴን ነው፣ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እንዲያውም አሳምሬ እለው ነበር። "አልልም" አልኩት። "ደግሜ የሰው ቃል አልሰርቅም። ራስህ በላት።"

"ምኑን ነው የሚለኝ?" አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ተቆጣ። "አባዬ፣ አመመህ? ዶክተር ቤት ሄደህ ነበር?"

"አላመመኝም።" ጉንጩ ላይ የወረደውን እንባ እንዳይጠርግ እጁ ከጨርቁ ሥር ነው። "ያን ቀን ያልኩሽ... ከአፌ ነው የወጣው። እኔ... ክፍልሽ እንደነበረ ነው ያለው። ነይ።"

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ግድግዳው ዞሮ አንድ ማበጠሪያ መወልወል ጀመረ። መምህሩ የፈተና ወረቀት ላይ ዓይኑን ተከለ፤ ወረቀቱን የያዘው ግን ገልብጦ ነው።

ልጅቷ ቆማ ቀረች። "ስምንት ወር ይቺን ነው ስትፈልግ የነበረው?" አለችው።

"እሷን ነው።"

"አንዲት ቃል እኮ ናት።"

"አውቃለሁ።"

"እኔ እያንዳንዷን ስልክ ሳነሳ ዛሬ ይለኛል እያልኩ ነው ያነሳሁት። አንተ ስለ ዝናብ ታወራለህ። ጠዋት ዘነበ፣ ማታ አልዘነበም። ስንት ቀን ስልኩን ዘግቼ እንዳለቀስኩ ታውቃለህ?"

"አላውቅም" አለ። "አሁን አወቅኩ።"

ሄዳ ከኋላው ቆመች። የጨርቁን ቋጠሮ ባንድ ጣት ፈታችው። "ትምህርቱን አልመለስም" አለች ከራሱ በላይ ሆና።

"አልጠየቅኩሽም።"

"ልትጠይቀኝ ነው ግን።"

"እሁድ እጠይቅሻለሁ ብዬ ነበር" አለ፣ "ከምሳ በኋላ።"

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን በመዳፏ ያዘች። ፊቷ ግን እንደ ተቆጣ ነው። "እሁድ እመጣለሁ። ለማደር አልመጣም፤ ለምሳ ነው። ሌላውን እናያለን። አሁን ሥራ አለብኝ።"

"ልሸኝሽ" ብሎ ተነሳ። የተተኮሰው ሸሚዝ ተጨማዶ ነበር። በአጠገቤ ሲያልፍ ቆመ። ሰላምታም ስድብም ጠበቅኩ። "አንተን ሰኞ አገኝሃለሁ" አለኝ። ለሰላም ይሁን ለጠብ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

ከወጡ በኋላ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ፀጉር አስተካካዩና መምህሩም ከጎኔ ተጋፍተው አዩ። ልጅቷ ቶሎ ቶሎ ትራመዳለች፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው አረማመድ ነው። እሱ ሦስት አራት እርምጃ ከኋላ ቀርቷል፤ ጉልበቱን ያመዋል፣ መሰላል ሲወጣ ሲወርድ ነው የኖረው። ሊጠራት አፉን ሲከፍት አየሁት፤ አልጠራትም። ማዕዘኑ ጋ ልትጠፋ ስትል ግን ቆመች። ዘወር ብላ አላየችውም። እዚያው፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ እስኪደርስባት ጠበቀችው።