ለነጎድጓዱ የመጣ ጊታር

ግድግዳ የሚጋራኝን ጎረቤቴን ሰፈርተኛው «ነጎድጓዱ» ይለዋል። ባገሩ ስመ ጥር የሮክ ዘፋኝ ነበር፤ ኋላ ጊታሩን ሰቅሎ ጫካ ገባ። የታገለለት ድርጅት ሥልጣን ሲይዝ የገዛ ታጋዮቹን ማሰር ጀመረ፤ እሱም አፌን አልዘጋም ብሎ ተሰደደ። ዛሬ ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ይተኩሳል። «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም መተኮስ አልተውክም?» እለዋለሁ። «ምን ላድርግ እትዬ፣ ሙያዬ ሆነ» ይለኛል።

የሚያንገበግበው አንድ ነገር ነው፤ እናቱ። አርጅተዋል፣ ዓይናቸውም እየፈዘዘ ነው። እሱ ደግሞ ያገሩን ድንበር ከረገጠ ይታሰራል።

ባለፈው እሑድ የተበጠሰ አዝራሩን ልተክልለት ቤቱ ቁጭ ብዬ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ከረባት ያሰረ፣ ቦርጫም ሰው ገባ። የጫካው አዛዡ ነበር፤ ዛሬ ባለሥልጣን ሆኗል።

«ወንድምዓለም! ምሕረትህን ይዤልህ መጣሁ። ለድል በዓሉ ያቺን የትግል ዘፈንህን ትጫወታለህ፤ በማግሥቱ እናትህ ጉያ ነህ» አለና የሚያብረቀርቅ አዲስ ጊታር ከሳጥን አወጣ።

ደሜ ፈላ። የነጎድጓዱ ግራ እጅ ሦስት ጣት የለውም። ፈንጂ ሲያጠምድ ነው ያጣቸው፤ አጥምድ ብሎ ያዘዘውም ይኸው ሰውዬ ነው።

ነጎድጓዱ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ጊታሩን ጭኑ ላይ አደረገ። የቀሩትን ሁለት ጣቶች ክሩ ላይ አሳረፈ።

«አይ አንተ! ልክ እንደ ድሮህ!» አለ አዛዡ።

አላስችል አለኝ። «ጌታው፣ እጁን አያዩትም እንዴ?»

ጎንበስ ብሎ አየ። «ውይ! ምን አግኝቶህ ነው?»

«አንተ» አለው ነጎድጓዱ።

ትንሽ ደነገጠ፤ ግን ባለሥልጣን አይደል፣ ቶሎ ነቃ። «ግድ የለም፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሌላ ሰው ይመታልሃል። አንተ አፍህን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።»

«ያቺን ዘፈን ሰምተው ጫካ የተከተሉኝን ልጆች አስረሃቸዋል!» ብሎ ጮኸ ነጎድጓዱ። «እነሱ እስር ቤት ሆነው እኔ አፌን ላንቀሳቅስልህ? ውጣ ከቤቴ!» ጊታሩን አስታቅፎ፣ ትከሻውን ገፍቶ አስወጣው።

ከዚያ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ እናቱ ጋ ደወለ። «እማዬ፣ መምጣት እችል ነበር፤ እምቢ አልኩ» ብሎ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። እናትየው አሁን ያለቅሳሉ ብዬ እኔም መርፌዬን ይዤ ጠበቅሁ።

«ቆይ እስቲ» አሉ ድምፃቸው በንዴት እየተንቀጠቀጠ። «ያን ሰው ቤትህ አስገብተህ መቀመጫ ሰጠኸው?»

ነጎድጓዱ ዞሮ አየኝ። ያለችውን አንዲት ወንበር ብድግ ብዬ የለቀቅኩለት እኔው ነበርኩ።