ጣሳውን የሚያውቀው አሳማ

ሸዋረጋ አሳማውን በዱላ እየገፋች ወደ ድንጋዩ የበግ በረት አስገባችውና በሩን በግንድ ደገፈችው። ከዚያ ዞር ብላ የድንች ማሳዋን አየች። በአንድ ሌሊት ተገለባብጧል፤ ለዘር ያሰበችውም ለክረምት ያሰበችውም አብሮ ተበልቷል። አላለቀሰችም። ልቅሶው ይቆይ፣ መጀመሪያ ባለቤቱ ይለይ አለች በሆዷ።

የማን እንደሆነማ ታውቃለች። የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ተገኘ ከሸንተረሩ ማዶ ቻይናዎቹ መንገድ በሚሠሩበት ካምፕ ተቀጥሯል። ለመንደሩ ዘበኛ ነኝ ይላል። እሷ ግን እንጨት ልትለቅም የሄደች ዕለት፣ ከአጥሩ ጀርባ ጣሳ እየመታ አሳማዎቹን ለመኖ ሲጠራ በዓይኗ አይታዋለች። የሰንበቴው ሙሴ፣ የማኅበሩ መሪ፣ ጽዋ ይዞ የሚቆመው ሰው! ምስጢሩንም ቀን ይመጣል ብላ ይዛው ኖረች።

ቂሟ ከድንቹ ይቀድማል። አምና አንዲት በጓ አምልጣ ከተገኘ የገብስ ማሳ ገባች። የበላችው እፍኝ አይሞላም። ሽማግሌዎቹ "ተወው፣ የወንድምህ ሚስት ናት" ቢሉት፣ ድንጋይ ተሸክማ ካልለመነችኝ አልታረቅም አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ድንጋይ በትከሻዋ አድርጋ እግሩ ሥር ወደቀች። እሱ ከጎኑ ከነበረው ሰው ጋር የያዘውን ወሬ ጨርሶ ነው "በይ ተነሺ" ያላት። ድንጋዩን ቤቷ ድረስ ተሸክማ ወስዳ ደጃፏ ላይ አስቀመጠችው። በወጣች በገባች ቁጥር ታየዋለች።

ረፋዱ ላይ መምሬ ወልደ አማኑኤልና አያ አባይነህ ነገሩን ሊያዩ መጡ። ተገኘም ተጠርቶ ነበርና ነጭ ጋቢውን ለብሶ ተከተላቸው። አሳማው የዱር ከሆነ የማንም አይደለም፤ ይገደላል። የሰው ከሆነ ግን ባለቤቱ ወይም ጠባቂው ማሳውን ይክሳል። ችግሩ የሚለይ ሰው መጥፋቱ ነው። የመንዝ ሰው የጎረቤቱን በግ ከማዶ ሆኖ በጆሮዋ ይለያል፤ አሳማ ሲያይ ግን ምራቁን እንትፍ ብሎ ፊቱን ያዞራል። የልማት ሠራተኛው ያውቅ ይሆናል ቢባል፣ እሱ ለስብሰባ መሐል ሜዳ ከተማ ሄዷል።

አያ አባይነህ በግንቡ ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩ። "ጥቁር ነው። የዱሩም ጥቁር ነው።"

"ጭራውስ?" አሉ መምሬ፣ አፍንጫቸውን በጋቢ ሸፍነው ከሩቅ እንደቆሙ።

"ተጠምዝዟል።"

"የዱሩስ ይጠመዘዛል?"

"እኔ ምኑን አውቄ፣ አባ? የዱሩን ያየሁት ሲሸሽ ነው።"

"አባቶቼ፣ ምን ያደክማችኋል?" አለ ተገኘ። "ከገደሉ የወጣ የዱር አሳማ ነው። ካምፑ አሳማ ቢኖረው ዘበኛው እኔ አላውቅም?"

"ይምላሉ፣ ጋሼ?" አለች ሸዋረጋ።

"የሰንበቴው ጽዋ ይፍረድብኝ! የዱር ነው።"

ሸዋረጋን ደስ አላት። ክፉ ደስታ መሆኑን ታውቃለች፤ ግን አላፈረችበትም። ወደ ቤት ገብታ የባሏን ጦር ይዛ ወጣች።

"እንግዲያው ይግደሉልኝ። የወንድምዎ ጦር ይኸው።"

የተገኘ ፊት አመድ መሰለ። አሳማው ከሞተ ካምፑ ያባርረዋል። "ዛሬማ ዓርብ ነው" አለ።

"አውሬ መግደል ጾም አይሽርም" አሉ መምሬ።

ጦሩን ይዞ እያመነታ በረቱ ውስጥ ገባ። አሳማው ጥግ ይዞ ቆሟል። ይሄኔ ሸዋረጋ ከነጠላዋ ሥር ጣሳ አወጣችና በዱላዋ ደጋግማ መታችው። የአሳማው ጆሮ ቆመ። እሷን ዞር ብሎም አላያትም። ቀጥ ብሎ ተገኘ ዘንድ ሄደና በጭቃማ አፍንጫው ነጩን ጋቢ እየገፋ መኖውን ይፈልግ ጀመር። ተገኘም ሳያስበው "ቆይ፣ ቆይ" እያለ ጀርባውን መታ መታ አደረገው።

መምሬ አማተቡ።

"የዱር አሳማ" አሉ አያ አባይነህ ቀስ ብለው፣ "የሰው ጋቢ ውስጥ መኖ አይፈልግም።"

ተገኘ ጦሩን መሬት ላይ ጣለው። "ሸዋዬ፣ እህቴ፣ ማሳሽን እክሳለሁ። ብቻ በወንዙ በኩል ልውሰደው። ዛሬ ገበያ ነው፣ መንገዱ ሰው ሞልቶታል። የልጆቼ ስም ይጠፋል።"

ከበረቱ ወጥቶ ወደ ደጃፏ ሄደ። ድንጋዩን አየው፤ ለመሸከምም ጎንበስ አለ። ሽማግሌዎቹ ቀለል አላቸው። ድንጋይ የተሸከመ ሰው እምቢ አይባልም፤ እሷም ይህን ታውቃለች።

ሸዋረጋ ቀደመችውና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችበት። አንቱታውም ከአፏ ጠፋ።

"የማሳውን ካሳ ሽማግሌ ይገምተው። አሳማህን ግን በገበያው መንገድ ትወስደዋለህ" ብላ ጣሳውን ዘረጋችለት። "እየመታህ።"

"ልጄ፣ ተነሺ እንጂ፤ ድንጋዩን ይሸከም" አሉ መምሬ።

ሸዋረጋ ነጠላዋን አስተካከለችና ይበልጥ ተደላድላ ተቀመጠች።