ያልታየው ጭን

1.

ፍሬገነት ሁለቱን የዝንብ ፎቶዎች ለአማካሪዋ ለዶክተር ዘለቀ በቴሌግራም የላከችው መለየት አቅቷት ነበር። ዓይን አፋር ናትና ከሥር ምንም አልጻፈችም። እሳቸው ግን ለይታ የላከችላቸው መሰላቸው።

«ጎበዝ። ሁለተኛው ለአገራችን አዲስ ዝርያ ነው» ብለው መለሱላት።

2.

እስቲ እናንተም ሞክሩት።

የአበባ ዝንብ ንብ ይመስላል እንጂ አይናደፍም። አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

አንደኛው ፎቶ፦ ሆዱ ላይ ቢጫና ጥቁር መስመር።

ሁለተኛው ፎቶ፦ ሆዱ ላይ ቢጫና ጥቁር መስመር።

ሁለቱ ዝርያዎች የሚለያዩት በኋላ እግራቸው ጭን ነው፤ የአንዱ ቢጫ፣ የሌላው ጥቁር። የሁለተኛው ፎቶ ዝንብ ጭን ግን በጎመን ዘር አበባ

3.

ተሸፍኗል።

4.

ልታስረዳቸው ቢሯቸው ድረስ ሄደች። ዶክተር ዘለቀ ለዲኑ ነግረው፣ ለተመራማሪዎች ጉባኤም ስለ ዝንቡ ጽሑፍ ልከው ጨርሰዋል። ለውጭ አገር ትምህርቷ የድጋፍ ደብዳቤ እየጻፉላት እንደሆነም ነገሯት።

«ዶክተር፣ እግሩ እኮ አይታይም።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዝንብ ሳይ ነው የኖርኩት። አንቺ ገና እግር ትፈልጊያለሽ?» አሉና ሳቁ።

5.

በሩ ላይ ቆማ ልትላቸው ትችል የነበረው፦

 

 

ያለችው፦

«እሺ ዶክተር።»

6.

ዝንቡን እንደገና ልትፈልግ ካሜራዋን ይዛ ፎቶውን ወዳነሳችበት ማሳ ተመለሰች። ያን ዝንብ ራሱን ባታገኘው እንኳ መሰሉ አይጠፋም ብላ ነበር።

ጎመን ዘሩ ታጭዷል።

7.

በጉባኤው አዳራሽ የተባለው ይኸው ነው። ያልተባለው አልተጻፈም።

አንዲት ተመራማሪ፦ የኋላ ጭኑን ከየት አገኛችሁት? እኔ አይታየኝም።

ዶክተር ዘለቀ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው።

ተመራማሪዋ፦ መልሱስ?

ዶክተር ዘለቀ፦ እውነቱን ለመናገር የለየችው ተማሪዬ ናት። እኔ አምኛት ነው። ፍሬገነት፣ ተነሺና አስረጂ እንጂ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስሟ አንድም ስላይድ ላይ አልነበረም።

8.

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ከኋላዋ አንዱ «ዝንብ መለየት ያቃታት» ብሎ ሲንሾካሾክ ሰማች። ማይክሮፎኑ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ደረሳት። የድጋፍ ደብዳቤዋ ገና አልተፈረመም፤ ያንን ታውቃለች፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

ተነሳች።

«ሁለተኛውን ፎቶ መልሰው ያሳዩን፣ ዶክተር» አለች።

ዶክተር ዘለቀ ፕሮጀክተሩን አጠፉት።