የመርከቡ ሰዓት ቀለም

በያጁ ሰዓቱን በፎጣ ጠቅልሎ ወደ ሰዓት ሠሪዋ ሱቅ ሲገባ ጥርስ በጥርስ ሆኖ ነበር። የሚሠራው አሮጌ መርከቦች በሚፈርሱበት ግቢ ነው፤ ይኼንንም ከአንዷ ግድግዳ ላይ ነቅሎ ነው ያመጣው።

«እትዬ፣ እስቲ ዕድሜ ንገሪኝ።»

«የኔን ነው የሱን?»

«ያንቺንማ ማን ደፍሮ!»

ሰዓት ሠሪዋ የሚስቱ የሚጢ ታላቅ እህት ናት። የድሮ የመርከብ ሰዓት እጁ የገባ ሰው ሁሉ ዘመኑን ለማወቅ ወደሷ ነው የሚመጣው። እየሳቀች ፎጣውን ገለጠች። ወፍራም የናስ ቀፎ አለው፤ መስታወቱ ውሃ እንዳያስገባ እንደ ብሎን እየዞረ የሚጠብቅ ነው። ጀርባውን ገልብጣ የተቀረጸውን ቁጥር አየች። ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መሃል ሳይሠራ እንዳልቀረ ገመተች። ከዚያ ማጉያዋን ዓይኗ ላይ ሰክታ ወደ ፊቱ ተመለሰች።

በነጩ የሰዓት ፊት ላይ፣ ከረጅሙ ቆጣሪ ጎን፣ ቡናማ ጥላ ነበር። ካውያ የረሱት ጨርቅ ላይ የሚቀር ዓይነት ቃጠሎ ነው፤ ቅርጹ ግን ቁርጥ የቆጣሪው ቅርጽ። ሰዓቱ ለብዙ ዓመት እዚያው ላይ ቆሞ ኖሯል፤ ቆጣሪው ላይ የተቀባው ቀለም ደግሞ ከሥሩ ያለውን ሲያቃጥል ኖሯል።

ሳቋ ጠፋ። ሙያውን ያስተማሯት ሽማግሌ እንዲህ ያለ ጥላ አንድ ጊዜ አሳይተዋታል። በዚያ ዘመን መርከበኞች በጨለማ ሰዓት እንዲያዩ ቁጥሮቹ በራዲየም ቀለም ይቀቡ ነበር። ብርሃኑ በጥቂት ዓመት ይሞታል። መርዛማ ጨረሩ ግን ከልጅ ልጅ ልጅም በላይ ይኖራል። ክፈፉን ስታየው ደግሞ የካቻቢቴ ጭረት አለበት፤ ጭረቱ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል።

«ይኼን ማነው የከፈተው?»

«ሚጢ ናታ። ቁጥሮቹ ተላልጠው ስላየች ‘አሳምሬ ልስጥህ’ ብላ...»

«በምን?»

«በጥፍር ሞረዷ ፈቀፈቀችው። ከዚያ በጥፍር ቀለም... ምነው እትዬ? ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ!»

ሰዓቱን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ከተተችና ሁለቱም እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ታክሲ ውስጥ ነው የነገረችው። በያጁ መጀመሪያ «ቀለም ሰው ይገድላል እንዴ?» ብሎ ሊስቅ ሞከረ፤ ቀጥሎ ሾፌሩን «ወንድሜ፣ ትንሽ ፍጠንልኝ» ብሎ ለመነው።

ሚጢ ጥፍር የምታስውበው ከቤቷ መግቢያ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ሲደርሱ የአንዲት ደንበኛ እጅ ይዛ፣ በዚያው ሞረድ እየሞረደች፣ አቧራውን ልታስወግድ ከንፈሯን አሞጥሙጣለች።

«እፍ እንዳትይ!» ታላቅየዋ ጮኸች።

ሚጢ ደንግጣ ሞረዱን ጣለችው። ደንበኛዋን አስታጥበው ወደ ውጭ አስወጧት፤ እንዳትሄድ ለመኗት። ሰዓት ሠሪዋ ድምፅዋን ለማለስለስ እየታገለች ጠየቀች፤

«ሚጢዬ፣ ያንን ሰዓት ስትቀቢ ብሩሹን እንዴት ነበር የያዝሽው? አሳዪኝ።»

«እንደ ሁልጊዜው ነዋ።» ሚጢ ቀጭኗን ብሩሽ አነሳች፤ ጫፏን ለማሾል፣ ሳታስበው፣ ወደ ከንፈሯ ወሰደቻት።

በያጁ እጇን በአየር ላይ ያዘው። ሚጢ አንዴ ባሏን፣ አንዴ እህቷን አየች።

«ምንድነው? ንገሩኝ እንጂ! ምን ሆኛለሁ?»

የሰዓቱ ቀለም መርዝ እንደሆነ ነገሯትና ለሆስፒታሉ የጨረር ክፍል ደወሉ። ጓንትና ጭምብል ያደረገ ባለሙያ መለኪያውን ይዞ መጣ። መጥረጊያ እንዳይነካ ከለከለ፤ ሁሉም ነገር በእርጥብ ጨርቅ ብቻ። መሣሪያው ሞረዱ ላይ ሲደርስ እንደሚፈነዳ ፈንዲሻ ተንጣጣ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተንጣጣ። የሚጢ ሽርጥ ላይ፣ መጋረጃው ላይ። ደንበኛዋን ሲለካት ጸጥ አለ፤ እሷም ተመስገን እያለች ሄደች። ቀጥሎ ወደ ሚጢ አፍ አስጠጋው። ሰዓት ሠሪዋ የእህቷን ክንድ አጥብቃ ከመያዟ የተነሳ ጥፍሯ ተቀብሮ ምልክት ተወ።

መሣሪያው እምብዛም አልጮኸም።

«ደስ እንዳይላችሁ፤ ወደ ውስጥ የገባውን ይኼ አያሳይም» አለ ባለሙያው። «ሽንቷ ይመርመር።»

ውጤቱ እስኪመጣ ሚጢ ከእህቷ ጋር ሰነበተች፤ ሁለቱም እንቅልፍ የወሰዳቸው መስለው ተኝተው ያድሩ ነበር። በመጨረሻ ሐኪሟ አስጠራቻቸው። በሽንቷ ውስጥ ራዲየም ተገኝቷል፤ መጠኑ ግን እጅግ ትንሽ ነው። «ምንም አይሆንሽም ብዬ አልምልልሽም። ይጎዳሻል ለማለትም ምክንያት የለኝም። በየዓመቱ እየመጣሽ እናይሻለን» አለቻት።

ሰዓቱን ከነቆርቆሮው፣ ጠረጴዛውንም ከነመጋረጃው፣ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስወግዱ ሰዎች ወሰዱት። ሚጢ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከወራት በኋላ ስልክ ደወለች። «እትዬ፣ መንጋጋዬን እያመመኝ ነው።»

ሰዓት ሠሪዋ ራዲየም በአጥንት ውስጥ እንደሚቀመጥና መንጋጋን እንደሚበላ አንብባ ነበር፤ ለእህቷ ግን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ሱቋን ሳትቆልፍ ሮጣ ወደ ጥርስ ሐኪም ወሰደቻት። የጥርስ ሐኪሙ ፎቶ አንስቶ ቆይቶ ወጣና «የቆየ የተበላ ጥርስ ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም» አላቸው።

ሚጢ ባበጠ ጉንጯ ሳቀች። «ለጥርስ ነው እንዲህ የምታለቅሺው?»

ታላቅየዋ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።