ራስጌ የሌለው ጠረጴዛ

ሴራሚክ ሠሪው ከሥራ ትራፊ ይዞ ካልገባ የሠራ የማይመስለው ሰው ነው። ከሚያመጣው የጠጠር ጆንያ ሁሉ አንዲቱን ለቀለም ማሳያ በደረት ኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ከዚያ ይረሳታል። ሚስቱ አንድ ቀን ጫማዋን ስትፈልግ አልጋው ሥር አንድ ጆንያ ሰማያዊ የሞዛይክ ጠጠር አገኘች። እያንዳንዷ ጥፍር ታክላለች፤ ዛሬ በየትም ሱቅ አትገኝም።

«በዚህ ጠረጴዛ ሥራልኝ» አለችው። «አራቱም ጎን እኩል ይሁን። የተቆረጠ አይግባበት፤ አንዲትም ተርፋ አልጋዬ ሥር እንዳትመለስ።»

እኩልነቱ የአምሮት ጉዳይ አልነበረም። እሑድ እሑድ ሁለቱ እናቶች፣ የእሷም የእሱም፣ ለምሳ ይመጣሉ። የነበራቸው ጠረጴዛ ረጅም ነው፤ አንዱ ጫፉ ግድግዳ ስለተጠጋ ራስጌው፣ የክብር ቦታው፣ አንድ ብቻ ነው። ባለፈው እሑድ አማቱ ቀድመው ቢቀመጡበት እናቱ ምሳቸውን ቆመው በሉ። «ወገቤን ላፍታታ ብዬ ነው» አሉ። ማን ሞኝ አለ!

አናጺው ወንድሟ ጣውላውን ለመቁረጥ ልክ ይፈልጋል። ባልና ሚስት ጠጠሩን ምንጣፍ ላይ ዘርግፈው ቆጠሩት፤ አሥር ሺህ አራት መቶ ሦስት ሆነ። ሰውየው ለሦስት ቢያካፍለው፣ ለሰባት፣ ለአሥራ ሰባት፣ ሁልጊዜ ትንሽ ይተርፋል።

«ይሄ ቁጥር የእናትሽ ዘመድ ነው፤ ማንንም አያስጠጋም» አለ።

«የእናትህ ቢሆን ቆሞ ነበር የሚካፈለው።»

ስንቱን ሞክሮ ሊተወው ሲል መቶ አንድ ላይ ደረሰ፤ ቁጥሩም ተረታ። መቶ አንድ በመቶ ሦስት፣ ያለ ትራፊ። ደረደረውና ደረቱን ነፋ። ሚስቱ ጎንበስ ብላ አየች።

«ይሄኛው ጎን ይረዝማል።»

«በሁለት ጠጠር እኮ ነው። ማን ያየዋል?»

«እናቴ። ዓይኗን ካላመነች በስንዝር ትለካዋለች።»

ሰውየው ከረጅሙ ጎን ጫፍ መቶ አንድ ጠጠር ያለበትን አንድ ረድፍ አነሣና አንድ በአንድ በጎን በኩል አሰለፈው። ወዲህም መቶ ሁለት፣ ወዲያም መቶ ሁለት መጣ፤ ጥጉ ላይ ግን አንዲት ቀዳዳ ቀረች።

«ጥርሱ የወለቀ ጠረጴዛ» አለች ሚስቱ።

ሰውየው ምንጣፉን ገለበጠ፣ ጆንያውን አራገፈ፣ በመጨረሻም ሚስቱን ጠረጠረ። «ስትቆጥሪ ታዛጊ ነበር።» ይሄኔ አናጺው ሜትሩን ይዞ ገባ።

«አማች፣ እርሳስ አለህ?»

ሰውየው እጁን ደረት ኪሱ ከተተ። ከእርሳሱ ጋር አንዲት ነጭ፣ አንዲት ቡኒ፣ አንዲትም ሰማያዊ ጠጠር ወጣች። ሚስቱ ሰማያዊዋን ነጠቀችውና ቀዳዳዋን ሞላች።

«አልጋው ሥር ሲሞላ ደረትህ ላይ ማስቀመጥ ጀመርክ?» አለችው።

እሑድ ሁለቱ እናቶች በአዲሱ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አማቱ ዙሪያውን አዩ፤ በስንዝርም ለኩ።

«ራስጌው በየት በኩል ነው?»

«እርስዎ በተቀመጡበት ነዋ» ብሎ ሰውየው በጆሯቸው ሹክ አላቸው። ቀና ሲል ሚስቱ ማዶ የእናቱ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብላለች። ሁለቱም እናቶች ወገባቸውን ቀጥ አድርገው ልጆቻቸውን ሳይሆን አንዳቸው ሌላኛቸውን እያዩ ፈገግ አሉ።