ያልከሳ አልታመመም

፩.

«ዳነ» የሚለውን ቃል ለብዙ ዘመን በስሕተት ተረድቼው ኖሬያለሁ። የዳነ አካል ለበሽታው የተዘጋ ደጅ ነው እል ነበር። በሽታው ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ፣ ደጃፉ ላይ ጥቂት አርፎ ወደ ጎረቤት ሊሻገር እንደሚችል አላሰብኩም።

፪.

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከከተማው ዳር ባለው ቤተ ሙከራችን ሃያ አራት ሃምስተሮች ነበሩን፤ ጅራታቸው አጭር፣ ጉንጫቸው ሙሉ የሆነ የአይጥ ዘመዶች። በመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ አስያዝናቸው፤ ከስተው አገገሙ። ከሁለት ወር በኋላ ከፊሎቹን ለአዲሱ ልውጥ ዝርያ አጋልጠን ፈተንናቸው። የሚመግቧቸውና የሚመዝኗቸው ጋሽ እምሩ ነበሩ፤ እርሳቸውም በመጀመሪያው ወረርሽኝ ዘጠኝ ቀን ተኝተው የተነሡ ናቸው።

የቤቱ ደንብ፦ ያልከሳ አልታመመም። መመርመሪያው ጥቂት ስለነበር፣ ክብደቱ ካልቀነሰ እንስሳ የተወሰደ የአፍንጫ ናሙና ሳይታይ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ ነበር።

፫.

ከሚዛኑ አጠገብ፣ አራተኛ ቀን።

ጋሽ እምሩ፦ አሥራ አራት ቁጥር፣ መቶ አሥራ ስምንት ግራም።
እኔ፦ ትናንትስ?
ጋሽ እምሩ፦ መቶ አሥራ ሰባት። እሷ እቴ! በሽታ ሰጠናት፣ እሷ ትወፍራለች።
እኔ፦ ሰንጠረዡ ላይ ይጻፉት።
ጋሽ እምሩ፦ እንደኔው ናት ማለት ነዋ? አንዴ የቀመሰ አይደገምም?
እኔ፦ አይደገምም።

፬.

አያቶቻችን በፈንጣጣ ዘመን ለበሽተኛ አስታማሚ ሲመርጡ፣ ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበትን ይፈልጉ ነበር። የወጣለት፣ ማለትም ታሞ የዳነ፣ ያስታምም፤ ሞት አንዴ አይቶ የተወውን አይመለስበትም።

የጋሽ እምሩ ታላቅ እህት፣ ያሳደጓቸው እትዬ የሻረግ፣ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሳንባቸው ደካማ ነው፤ ኮሮና አልያዛቸውም፤ አዲሱ ዝርያ ግን ከተማውን አዳርሷል። ቤተ ዘመዱ መክሮ «የወጣለት ይግባ» አለ። የወጣላቸው ጋሽ እምሩ ብቻ ነበሩ። በነጋታው ጠየቁኝ።

— ዶክተር፣ አፍንጫዬን ትንሽ ያዝ አድርጎኛል። ልግባ?
— ጉንፋን ነው፣ ጋሼ። እርስዎማ ይግቡ።
— ማስኩንስ? እትዬ «አፍህን ሸፍነህ ስታጎርሰኝ ሽፍታ ትመስለኛለህ» እያለች ታሾፍብኛለች።
— እንግዲያስ ያውልቁት።

፭.

ጋሽ እምሩ በገቡ በአሥራ አራተኛው ቀን እትዬ የሻረግ ዐረፉ። በሽታው ኮሮና ነበር።



፮.

ከለቅሶው እንደተመለስኩ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ያልታየውን ናሙና መረመርኩ።

አሥራ አራት ቁጥር።
ክብደት፦ አልቀነሰም።
ሳንባ፦ በራጅ ንጹሕ።
አፍንጫ፦ ቫይረሱ አለ።

አለ።

፯.

ሙከራውን ከዳኑት በቀሩት ላይ ደገምኩት። በዚህኛው ዙር አዲስ በመጣች፣ ታማ በማታውቅ አንዲት ሃምስተር አጠገብ፣ አገግማ በአዲሱ ዝርያ የተፈተነችውን ሃያ ቁጥርን አኖርኩ። ለምን እንደሆነ ለጋሽ እምሩ አልነገርኳቸውም። መዛኙ ግን እርሳቸው ነበሩ።

ጋሽ እምሩ፦ ሃያ ቁጥር፣ መቶ ሃያ። እንደ ሙሽራ ተቀልባለች።
እኔ፦ ባልንጀራዋስ?
ጋሽ እምሩ፦ መቶ ሁለት። ትናንት መቶ ስምንት ነበረች። ዶክተር፣ ይቺን ምን ነካት?
እኔ፦ ይጻፉት፣ ጋሼ።
ጋሽ እምሩ፦ ማንም አልገባባትም እኮ። ከዚህች ከዳነችው በቀር።

ብዕሩን አላነሡም። ቁጥሩን እኔ ጻፍኩት።

፰.

የግርጌ ማስታወሻ። የዳኑት አንዳቸውም አልሞቱም፤ ሳንባቸውም አልተጎዳም። የተፈጥሮ መከላከያ ከንቱ ነው የሚል አንባቢ ይህን ገጽ አልተረዳውም። ባለቤቱን ጠብቋል። እኔ ያልጠየቅኩት አጠገቡ ስለተኛው ነበር።

፱.

የሚሞላ ቅጽ።

ሟች፦ የሻረግ
በሽታው የተላለፈው ከ፦ ..............................

እዚህ ላይ «አይታወቅም» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ዳሌያቸውን ሊጠይቁ የመጡ ጎረቤቶችም ነበሩ፤ ሃምስተር ሰው አይደለም፤ ማንም ሐሰት አይለኝም። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቃል ሦስት ሳምንት በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ጋሽ እምሩ በየማለዳው ሃያ አራቱን ሳጥኖች ያጸዳሉ፤ አሁን ግን እንስሳቱን አያጫውቱም። ማስክ አድርገው ይገባሉ፤ ለብቻቸው ሆነውም አያወልቁትም። አንድ ቀን ጀርባቸውን እንደሰጡኝ እንዲህ አሉ፦

— ሰንጠረዡ ሲያልቅ አታነብልኝም?

፲.

ሐሙስ ረፋድ ላይ ወደ እንስሳቱ ክፍል ገባሁ። ሚዛኑ አጠገብ ሁለት በርጩማ አስቀመጥኩ። ሰንጠረዡን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር ለጋሽ እምሩ አነበብኩላቸው፤ «አይደገምም» ያልኩትም፣ «ያውልቁት» ያልኩትም እኔ መሆኔን ነገርኳቸው።

፲፩.

የሚቀጥለውን መስመር እኔ አልጽፍላቸውም።

ጋሽ እምሩ፦