ሐዲድ የማይነካ ባቡር

ባቡሩ ከሐዲዱ ብድግ ብሎ ሲንሳፈፍ ልጅቷ በደስታ ልትጮህ ነበር፤ ግን ወጥ ቤት ያለው ፍሪጅ ትዝ አላትና አፏን ያዘች።

የፊዚክስ ፕሮጀክቷ በማግኔት የሚንሳፈፍ ባቡር ነው። ተመሳሳይ ዋልታዎች ይገፋፋሉ፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። ባቡሩን ከካርቶን ቆርጣ፣ ሐዲዱን ግራና ቀኝ በፕላስቲክ ማስመሪያ አጥራ ጨርሳለች። የጎደላት ለሐዲዱም ለባቡሩ ሥርም ተቆርጦ የሚለጠፍ ረጅም ማግኔት ነበር፤ እሱም የፍሪጁ በር ጎማ ውስጥ ተጋድሞ ተገኘ። በምላጭ ሰንጥቃ መዘዘችውና ጎማውን ምንም እንዳልተነካ አስመስላ መለሰችው። ከዚያ ወዲህ በሩ ግጥም ማለት ትቶ ገርበብ ይላል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ትመልሰዋለች። እስከዚያ ቢበዛ ወተት ቢበላሽ ነው!

ሙቀት የሚያበላሸው የአክስቷ የስኳር መድኃኒት፣ ኢንሱሊን፣ እዚያው ፍሪጅ ውስጥ መቀመጡን ማን ያስታውስ።

ወጥ ቤቱ ከቆርቆሮው ሥር በሙቀት ይነዳል። ሳምንታት አለፉና የአክስቷ ስኳር ሽቅብ ወጣ። ሐኪሙ "መርፌውን ካላቋረጡ እንግዲህ ምግብዎን ይጠንቀቁ" አላት። አብራት የሄደችው የልጅቷ እናት ይህን ይዛ ቤት ገባች።

"እትዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ተደብቀሽ ጣፋጭ እየበላሽ ነው አይደል?"

"አንቺ ትሙቺ፣ ከረሜላ እንኳን አልላስኩም!"

"ታዲያ ስኳሩ ከሰማይ ወረደ?"

የስኳሩ ዕቃ ተቆለፈባት። አክስቲቱ መጀመሪያ ማለች፣ ቀጥላ አኮረፈች፣ በመጨረሻ ድምጿ ሰለለ። "እንጃ፣ ሳላውቀው ቀምሼ ይሆናል፤ ዘንድሮ መርሳት አብዝቻለሁ" ማለት ጀመረች።

ይሄኔ ልጅቷ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ፍሪጁን ከፍታ የኢንሱሊኑን ብልቃጥ ብትነካው ትኩስ ነው፤ ነገሩ የገባት ያኔ ነው። መናገር ነበረባት። ግን ኤግዚቢሽኑ ከነገ ወዲያ ነው፤ ማግኔቱ ከወጣ ባቡር የለም። እስኪያልፍ ሆድ ይፍጀው አለች፤ ሆዷም ፈጃት። አክስቷ ያንኑ የተበላሸ መድኃኒት ስትወጋ እያየች እህል አልዋጥ አላት።

በኤግዚቢሽኑ ቀን የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም አለ። አክስቷ በሕመም የደከመ እግሯን እየጎተተች መጥታ ከእናት ጎን ፊት ለፊት ተቀመጠች። ልጅቷ ባቡሩን በጣቷ ነካ ስታደርገው፣ ሐዲዱን ሳይነካ ሽው ብሎ ሄደ። ከሁሉ ቀድማ ያጨበጨበችው አክስቷ ናት።

"የእህቴ ልጅ እኮ ናት!" ትላለች፣ ለሰማትም ላልሰማትም።

"ግሩም ነው" አለ የፊዚክስ መምህሩ። "እንዲህ ያለ ረጅም ማግኔት ከየት አገኘሽ?"

ከሱቅ ልትል ነበር፤ ውሸቱ ተሰናድቶ ምላሷ ላይ ተቀምጧል። አክስቷን አየቻት። አሁንም እያጨበጨበች ነው።

"ከፍሪጃችን በር ነው" አለች። "በሩ ከዚያ ወዲህ አይገጥምም። ኢንሱሊኑን... ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

እናት ፊቷ በርበሬ መስሎ ከመቀመጫዋ ተነሳች። አክስቲቱ ግን አልተቆጣችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አሳርፋ፣ ቀና ብላ እህቷን በቀስታ ጠየቀቻት።

"እና እኔ አልበላሁም ማለት ነው?"